ከቤሌ እስከ አዲስ አበባ፦ ወንዶች ሥራቸውን ከማን ይቀበላሉ?

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በስተ ምዕራብ ወደ ኦሞ ወንዝ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ላይ ቤሌ የምትባል ከተማ አለች። የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ አየሯም ከሶዶ ደጋ ይልቅ ይሞቃል። በዚች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች አንድ ጎልማሳ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲነሣ፣ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚያጣራው የሥራውን ዓይነት አይደለም፤ ማን ዘንድ እንደሚያርፍ ነው። የሚያርፍበት ሰው ከታወቀ ሥራውም አብሮ ይታወቃልና። አጎቱ ጫማ የሚያሳምር ከሆነ የወንድሙ ልጅ በማግሥቱ ሣጥንና ብሩሽ ይዞ ከአጠገቡ ይቀመጣል፤ የአክስቱ ልጅ ከግንበኛ ጋር የሚውል ከሆነ እርሱም በሦስተኛው ቀን አሸዋ ይነፋል፣ ሲሚንቶ ያቡካል፤ የሰፈሩ ልጅ የአንድ ድርጅት ጥበቃ ከሆነ ደግሞ ሌላ በር የሌለ እስኪመስል ድረስ ያን አንድ በር ደጅ ይጠናል። ስለ ታላላቅ ከተሞች ወንዶች የሥራ ዘርፍ ብዙ ተጽፏል፤ ሰው ሥራውን በዕውቀቱና በዝንባሌው እንደሚመርጥ ተደርጎም ይነገራል። በእኔ አስተያየት ግን የአዲስ አበባ ሠራተኛ ወንድ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የተቀበለው ከእርሱ ቀድሞ ከመጣው የሀገሩ ሰው እጅ ነው፤ ይህ ካልታወቀ የከተማይቱ የሥራ ሥርዓት ምንጊዜም ምሥጢር ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሕዝቧ በአብዛኛው የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ጭፍራ፣ ባለሟልና አገልጋይ ነበረ፤ ሰፈሮቿም በየጌታው ስም ተጠሩ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሥራ በር ተከፈተ፤ በዚያም በር አስቀድሞ የገባው በቤተ ክህነት ትምህርት ፊደል የቆጠረው ወገን ሆነ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ርእሰ ከተማው ድረስ ሲደርስ የመካኒክነት፣ የጫኝነትና የአውራጅነት ሥራ ተበራከተ። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በዙሪያው ሰፍረው እስከ ዛሬ ድረስ ሸማ ይሠራሉ፤ የጉራጌ ሰዎችም በሸክምና በጉልበት ሥራ ጀምረው በመርካቶ የንግድ ባላባት እስከ መሆን ደረሱ። በየጊዜው አንድ አዲስ ሥራ ሲወለድ፣ በዚያች ሰዓት በበሩ ቆሞ የተገኘው ወገን ሥራውን ይይዘዋል፤ ከያዘውም በኋላ ወንድሙን ይጠራል፣ ወንድሙም ወንድሙን ይጠራል።

ወላይታ ወደዚህ ሥርዓት የገባው ዘግይቶ፣ በመከራም በኩል ነው። በ1887 ዓ.ም. የካዎ ጦና መንግሥት በምኒልክ ሠራዊት ድል ከሆነ በኋላ ብዙ ሰው ተማርኮ ከሀገሩ ወጣ፤ በቀየው የቀረውም ገባር ሆነ። በገዛ ፈቃድ ለደመወዝ የመሰደድ ነገር በሰፊው የታየው ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የስደቱም ምክንያት በዋነኛው መሬት ነበረ። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትርም በአማካይ ከ350 ሰው በላይ ሆኖ ተገኝቷል። አባት ለአራት ወንዶች ልጆች የሚያካፍለው መሬት ከቤቱ ጓሮ ከእንሰቱ ረድፍ ብዙም የማያልፍ በሆነበት ሀገር፣ ከአራቱ ሁለቱ እግራቸውን ለመንገድ ቢያነሡ የሚያስደንቅ አይደለም። ምሁሩ ደሳለኝ ራህመቶ በቦሎሶ ገበሬዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ይህን የመሬት መጥበብና የድህነት መተሳሰር አጥብቀው መርምረውታል።

ቤሌ ራሷ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመውና ሕዝቡ በአጭሩ «ዋዱ» የሚለው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ፣ መሬት ያነሳቸውን የደጋ ገበሬዎች በአበላና በቤሌ ቆላ ማስፈር ነበረ። ሰፋሪው የቆላውን ወባ ታግሦ፣ ጫካውን መንጥሮ፣ ጥጥና በቆሎ ዘርቶ አዲስ ሀገር አቀና። ሆኖም የሰፋሪው ልጆችና የልጅ ልጆች ሲበዙ ያ ሰፊ የነበረ መሬት እንደ ደጋው ሁሉ ተከፋፈለ፤ መሬት ፍለጋ ወደ ቤሌ ከመጡት ሰዎች ዘር የተወለዱት ልጆች አሁን ደመወዝ ፍለጋ ከቤሌ ይወጣሉ።

የወላይታ ወንድ የደመወዝ ሠራተኛ መሆንን የተማረው በአዲስ አበባ ሳይሆን በሸንኮራ እርሻ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በወንጂ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ፤ የመተሐራውም በ1962 ዓ.ም. ተከተለ። ሸንኮራ ቆራጭነት ጉልበት የሚጨርስ፣ ቅጠሉ እጅና ፊትን የሚሸረክት፣ ፀሐዩም የማይራራ ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ ከተሸከሙት መካከል የወላይታ፣ የከምባታና የሐዲያ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ከዚያ የሥራ ቦታ የተገኘው ትምህርት ግን ከሸንኮራው በላይ ነበረ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት አብርሃም መኮንን ከዚሁ ከወንጂ የተገኙ ነበሩ፤ በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210ም የሠራተኛን በማኅበር መደራጀት በሕግ አጸና። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ስለ ደመወዙ መነጋገር ይችላል የሚለው አሳብ በዚያ ዘመን ለሀገራችን እጅግ አዲስ ነገር ነበር።

በዚያው ዘመን ገደማ መንገድ ተሠራ። በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም፣ ከየኪሳቸው አዋጥተው በጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ መሪነት የአለም ገና–ወላይታ ሶዶን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቆሙ። ጫማ ጠራጊውና ተሸካሚው ሳይቀር ለመንገድ ገንዘብ ያዋጣበትን ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ምክንያቱም በከተማ የተናቀ ሥራ ይዞ የሚኖር ሰው ለሀገሩ ታላቅ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል የሚያልፈው ያ መንገድ የወላይታን ልጅ ወደ አዲስ አበባ አቀረበው፤ መንገዱን ያሠሩት የጉራጌ ሰዎች ወደ ሱቅና ወደ ጅምላ ንግድ ከፍ ሲሉ የተዉትንም የሥራ ስፍራ፣ የሊስትሮውን ሣጥን ሳይቀር፣ ከደቡብ የመጡ ሌሎች ወጣቶች ወረሱት።

ስለ ሊስትሮ ሥራ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው በየቀኑ እያየው ሳያስተውለው የሚያልፍ ሙያ ነውና። መነሻው አነስተኛ ነው፦ የእግር ማስቀመጫ ያለው የእንጨት ሣጥን፣ ጥቁርና ቡናማ ቀለም፣ ሁለት ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ የሳሙና ውኃ። ጥበቡ ግን ቀላል አይደለም። ቆዳውን ከፕላስቲኩ፣ ለስላሳውን ከሻካራው መለየት፣ የተሰነጠቀውን በሰም መሙላት፣ ጨርቁን እስኪያንጸባርቅ ድረስ በምት ማራገብ፣ ከሁሉም በላይ ደንበኛን በስሙና በጫማው ማወቅ ያስፈልጋል። ቦታ ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ወይም በአንድ ቡና ቤት ጥግ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ወደ ሀገሩ ሲመለስ ያንን ስፍራ ለታናሽ ወንድሙ ያወርሰዋል፤ ጽሑፍም ምስክርም የሌለው ይህ ውርስ በባልንጀሮቹ ዘንድ ይከበራል። አንዳንዱ በዚሁ ሥራ ቀን እየሠራ ማታ ይማራል፤ አንዳንዱ ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅም ሣጥኑን ለሌላ ሰጥቶ ማስቲካና ሶፍት፣ መሐረብና የስልክ ካርድ የሚያዞር ጀብሎ ይሆናል፤ ከዚያም ሱቅ በደረቴ፣ ከተሳካለትም ባለ ሱቅ።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ተሰውሯል። በወላይታ፣ በብዙዎቹ የኢትዮጵያ ክፍሎችም እንደነበረው፣ አንጥረኛው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ከገበሬው ወገን ተለይተው፣ ጋብቻም ማዕድም ተከልክለው ይኖሩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን አጥብቀው ከልክለዋል፤ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትም ቢሆኑ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር እንደነበረ፣ የጌታ አሳዳጊ ዮሴፍም ጠራቢ እንደነበረ ይመሰክራሉ። ነገር ግን አዋጅ ካወጣው ይልቅ ከተማ ያወጣው ነፃነት ይበልጣል። በሀገሩ ሳለ ቆዳ ቢነካ ወገኖቹ የሚያፍሩበት የገበሬ ልጅ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከማለዳ እስከ ምሽት የሰው ጫማ ይዞ ይውላል፤ የሚላከው ብር በቤሌ ገበያ በግ ሲገዛ የብሩን ምንጭ የሚጠይቅ የለም። ቀስ በቀስም ለሙያ የነበረው ንቀት በዚሁ ይላላል። ሥር ነቀል ሆኖ ጠፋ አልልም፤ በጋብቻ ጊዜ አሁንም ይነሣል፤ መላላቱ ግን የማይካድ በጎ ነገር ነው።

የጫማ ጠራጊን ሥራ በሥርዓት ማደራጀት በሌላ ሀገር ተሞክሯል። በ1851 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በሎንዶን ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲከፈት፣ ለድኻ ልጆች በነፃ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ደጋፊ የሆነው ጠበቃ ጆን ማክግሬጎር ከባልንጀሮቹ ጋር የጫማ ጠራጊ ልጆች ጓድ አቋቋመ። ልጆቹ መለያ ልብስ ለበሱ፤ የሚቀመጡበት ስፍራም ተመደበላቸው። ማታ ማታ ገቢያቸው ተቆጥሮ የመጀመሪያው 6 ፔንስ ለልጁ ከተሰጠ በኋላ የቀረው ከሦስት ይከፈል ነበር፦ አንዱ እጅ ለልጁ፣ አንዱ ለማኅበሩ፣ ሦስተኛው በልጁ ስም በባንክ ይቀመጣል። ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት የተሠራው ይህ ሥርዓት በእኛ ከተሞችም ቢሞከር የሚከብድ አይመስለኝም፤ የእኛ ሊስትሮዎች ዕቁብ በመጣል ከዚህ የሚቀራረብ ነገር በገዛ እጃቸው ፈጥረዋልና። የጎደላቸው የሚቀመጡበት ስፍራ በሕግ መታወቁ ነው፤ መንገድ ሲጸዳና ሰፈር ሲታደስ አስቀድመው የሚነሡት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው ትልቅ በር ግንባታ ነው። አዲስ አበባ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ያለ ማቋረጥ ስትፈርስና ስትሠራ ኖራለች፤ ኮንዶሚኒየሙም፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም፣ በየአደባባዩ የሚነሡት ፎቆችም በቀን ሠራተኛ ትከሻ ላይ ቆመዋል። በዚህ ዓለም ያለው መዓርግ ከሩቅ ለሚያይ ሰው አይታወቅም። ከታች የጉልበት ሠራተኛው አለ፤ ብሎኬት ያመላልሳል፣ ቤቶን ያቀብላል። ከእርሱ በላይ የግንበኛው ረዳት፣ ከዚያ ግንበኛው፣ አናጢው፣ ብረት የሚያስረው ፌሮ ሠራተኛ፣ ለሳኙና ቀለም ቀቢው። ከእነርሱ በላይ ካቦ የሚባለው አለቃ አለ፤ ፎርማኑና መሐንዲሱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በተለይ ካቦው ትልቅ ሥልጣን አለው፤ ማለዳ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ማን እንደሚገባ የሚመርጥ እርሱ ነው፤ እርሱም ቋንቋውን የሚያውቀውን፣ አባቱን የሚያውቀውን ያስቀድማል። አንድ የቤሌ ልጅ ካቦ ሆነ ማለት በዚያ ሥራ ቦታ ቢያንስ ዐሥር የቤሌ ልጅ እንጀራ አገኘ ማለት ነው። ይህን አድልዎ ብሎ መንቀፍ ይቻላል፤ እኔ ግን በሌላ በኩል እንዲታይ እወዳለሁ። ሰውየው ከፎቅ ላይ ቢወድቅ ሆስፒታል የሚወስደው፣ ደመወዙ ሳይከፈል ቢቀር ከአሠሪው ጋር የሚሟገትለት፣ ቢሞት ሬሳውን ሀገሩ የሚያደርስለት ያው የጠራው የሀገሩ ሰው ነው፤ መንግሥትና ሕግ ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ ዝምድና ይሠራላቸዋል።

ስለ ሕጉ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወስኗል፤ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ከልክሏል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ሰጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ወረቀት አለመኖሩም ሠራተኛውን ከመብቱ አያጎድለውም። በግል ድርጅት በቋሚነት የተቀጠረ ሰው ከሆነ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥና አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ለጡረታው ያጠራቅምለታል። ስለዚህ በወር ደመወዝ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ በር የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ገቢው ከሊስትሮው ቢያንስ እንኳ ዘመዶቹ «ተቀጠረ» ብለው የሚያከብሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእርጅናው ጊዜ የሚጠብቀው ነገር አለ። ሊስትሮው፣ ጀብሎው፣ በመርካቶ ዕቃ የሚሸከመው ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው።

በመንግሥታት ስታቲስቲክስ ዘንድ ዘበኛውም ሊስትሮውም በአንድ ቃል «ሥራ ያላቸው» ተብለው ይቆጠራሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት በደነገገው መሥፈርት መሠረት በሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ አለው ይባላል። ድርጅቱ ያዘጋጀውና በ2008 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የታደሰው የሙያዎች ምደባ ሥራዎችን ሁሉ በዐሥር ታላላቅ ክፍሎች ይለያል፤ ጫማ ጠራጊው፣ ተሸካሚውና የቀን ሠራተኛው በዘጠነኛው፣ በተራ ሥራዎች ክፍል፣ በአንድነት ይገኛሉ። ምደባው ለሚገባው ጉዳይ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሰውየው ሥራውን በማን በኩል እንዳገኘ፣ ገንዘቡንም ለማን እንደሚልክ ዓምድ የለውም፤ የቤሌን ሰው ሕይወት የሚያስረዱት ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል። ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ይከበራል። ወንዶች ለሰንጋው፣ ሴቶች ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ሲቆጥቡ ይከርማሉ። በአዲስ አበባ የሚኖረው ወንድ ከዚያች ዕለት ባይደርስ ድርሻውን መላክ አለበት፤ ከቻለ ራሱ ይመጣል፤ በዚያ ሰሞን ወደ ሶዶ የሚወርዱ አውቶቡሶች ይጨናነቃሉ። የቀረው የዓመቱ ገንዘብ ለቆርቆሮ ክዳን፣ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለታናሽ እኅትና ወንድም ደብተር ይውላል። የቤተ ሰቡ መሬት እንዳይሸጥ የሚያደርገው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ከሩቅ የሚመጣ ብር ነው፤ ስለዚህ ከተማውና ገጠሩ ሁለት ኢኮኖሚ ናቸው የሚለውን ንግግር ለመቀበል እቸገራለሁ።

ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ግን የሥራው ካርታ መለወጥ ጀምሯል። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ ቁመቱ 243 ሜትር፣ ኃይሉ 1870 ሜጋ ዋት የሆነው ግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከእርሱ በታች የኮይሻ ግድብ ግንባታ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። የአካባቢው ልጆች በእነዚህ ሥራዎች ላይ ብየዳን፣ የቤቶን ሙሌትን፣ የከባድ መኪና ጥገናን በዓይንና በእጅ ተምረዋል። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሌላ በር ከፈተ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ መቀመጫው በመሆኗም የቢሮ፣ የሆቴልና የግንባታ ሥራ ወደ ቤሌ ቀርቧል።

የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። በግድብ ላይ ስድስት ዓመት ብረት ሲያስር የኖረ ሰው ሥራው ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ እንደ ጀማሪ በካቦ ፊት ይሰለፋል፤ ዕውቀቱን የሚመሰክርለት ወረቀት የለውምና። መድኃኒቱ ግን በሀገር ውስጥ አለ። ሠራተኛው ሁሉ «ሲኦሲ» የሚለው የሙያ ብቃት ምዘና ሰውየው ሙያውን ከየት እንደተማረ አይጠይቅም፤ በትምህርት ቤትም ይሁን በሥራ ላይ የተማረውን ከደረጃ 1 ጀምሮ በተግባር ፈትኖ ማስረጃ ይሰጣል። የግድብ ተቋራጮች ሠራተኛውን ከማሰናበታቸው በፊት፣ የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም በቤሌ ከተማ ውስጥ፣ ይህን ምዘና ቢያመቻቹለት፣ የቤሌ ግንበኛና ብረት አሳሪ ወደየትም ሲሄድ ሙያው በስሙ ተጽፎ ይሄድ ነበር።